ያረጀ ግንብ ለምን ቅኔ ያናግራል?

ከአክሱም ሐውልቶች መካከል ከስፍራው ሳይነቃነቅ እስከ ዛሬ በቆመው፣ በተለምዶ የንጉሥ ኢዛና በሚባለው ሐውልት ግርጌ ላይ በር ተቀርጿል። መቃኑና ጉበኑ አለ። የእንጨትና የድንጋይ ቤት ሲሠራ ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት የአግዳሚ ጫፎች፣ የአገሩ ሰው የዝንጀሮ ራስ የሚላቸው፣ አንድ በአንድ ተጠርበው ወጥተዋል። የበሩ መቆለፊያ እንኳን አልተረሳም። ከበሩ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ እየተደረበ 21 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ይወጣል። ይሁን እንጂ በሩ አይከፈትም፤ መስኮቶቹም ወደ ውስጥ አያሳዩም። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክቶች በመሆናቸው ጠራቢዎቹ ይህን ሁሉ የደከሙት በሕይወት ያለ ሰው ለማይገባበት ቤት ነው።

ከዚህ በር ፊት የቆመ ሰው ወሬውን ያቋርጣል። አንገቱን ያቀናል፣ እጁን ወደ ድንጋዩ ይዘረጋል፣ ከዚያም ጥያቄው ይከተላል፤ ማን ጠረበው? በምን አቆሙት? ሲያቆሙትስ ምን እያሉ ነበር? ይህ ስሜት ከየት እንደሚመጣና አንዱን ዝም ሲያሰኝ ሌላውን ለምን እንደሚያስገጥም፣ ሌላውን ደግሞ ለምን ብሩሽ እንደሚያስነሣ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የተወሰነ መልስ አለ። ከፊሉ በአእምሯችን አሠራር፣ ከፊሉ በራሳቸው በቦታዎቹ አሠራር ውስጥ ይገኛል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማምነው ግን ይህን ነው፤ አሮጌ ቦታ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይነግረናል። ሰዎች እዚህ ነበሩ፤ ሰዎቹ አሁን የሉም። በሁለቱ መካከል የቀረውን ክፍተት እኛው እንድንሞላው ይተውልናል። ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ሥዕሉም ያንን ክፍተት ከመሙላት የሚወለድ ነው።

መደመም እንዴት ይፈጠራል

ዳከር ኬልትነርና ጆናታን ሃይት የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት መደመም የሚፈጠረው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ እንደሆነ አስረድተዋል። አንደኛው ግዝፈት ነው። ግዝፈት ሲባል የቁመትና የስፋት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በዘመን ርቀት፣ በተከፈለው ድካም፣ በሥልጣንም የገዘፈ ነገር እንደዚያው ያደርጋል። ሁለተኛው አእምሮ ያየውን ነገር ቀድሞ በያዘው ግንዛቤ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተውና ግንዛቤውን ራሱን ለማስፋት ሲገደድ የሚሆነው ነው። ግዙፍ ነገር ሁሉ አያስደምምም። የተለመደ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ረጅም ቢሆንም እንዴት እንደተሠራ ስለምንገምት አልፈነው እንሄዳለን። የሚያስቆመን ግምታችን ያልበቃለት ነገር ነው።

ለዚህ ከፖርቱጋላዊው ቄስ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተሻለ ምስክር አላውቅም። አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን ገብቶ ለስድስት ዓመታት ቆይቷል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ አንድ በአንድ ከገለጸ በኋላ ስለ እነዚህ ሕንጻዎች ከዚህ በላይ መጻፍ ሰለቸኝ ይላል፤ ምክንያቱም የሚያምነኝ የለም። ቀጥሎም የጻፈው ሁሉ እውነት እንደሆነ በእግዚአብሔር ይምላል። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። ሰውየው ቄስ ነው፤ በአውሮፓ ታላላቅ ካቴድራሎችን ያየ ነው። ላሊበላ ላይ ግን የሚያውቀው ሁሉ አልበቃውም። መሐላው ከልቡ የወጣ እንደሆነ ዛሬም ያነበበው ሰው ይሰማዋል።

የአልቫሬዝ ግንዛቤ ለምን ተሸነፈ? ማንኛውም ሕንጻ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ሸክላ በሸክላ ላይ እየተጨመረ ወደ ላይ ያድጋል። የላሊበላዎቹ 11 አብያተ ክርስቲያናት ግን የተሠሩት በመቀነስ ነው። ዙሪያው ተቆፍሮ ወጣ፣ በመካከል የቀረው አለት ደግሞ ከውስጥ ተፈልፍሎ ቤት ሆነ። ቤተ ጊዮርጊስ ጋ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጣሪያውን ነው። በእግሩ ደረጃ፣ በምድሩ ልክ፣ መስቀል በመስቀል ውስጥ ሆኖ የተጠረበ ጣሪያ ይታየዋል። ግድግዳው ከዚያ ተነሥቶ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ለመግባት የአለቱን መተላለፊያ ተከትሎ መውረድ ያስፈልጋል፤ በዚያች አጭር መንገድ ፀሐዩ ይቀራል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የእግር ኮቴ ይሰማል። ወደ ላይ አንጋጦ ለማየት የመጣ ሰው ቁልቁል እያየ፣ ቁልቁል እየሄደ ይገባል። በሠራተኛው መሮ አንዲት ስሕተት ብትፈጸም የሚተካ ድንጋይ አልነበረም። ይህን ያሰበ ሰው እንደ አልቫሬዝ ቢምል አይፈረድበትም።

የታሪክ ዋጋና የዕድሜ ዋጋ

የቪየናው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር አሎይስ ሪግል እ.ኤ.አ. በ1903 ስለ ቅርሶች ጥበቃ ሲጽፍ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን አንድ ልዩነት አስቀመጠ። አንድ አሮጌ ሕንጻ የታሪክ ዋጋ አለው፤ ማን ሠራው፣ መቼ፣ ለምን የሚለው ነው። ይህን ዋጋ ለማወቅ መማር ወይም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የተለየ ደግሞ የዕድሜ ዋጋ አለው። የጠረጴዛው ጥግ ተበልቷል፣ ደረጃው መሐሉ ጎድጉዷል፣ ግድግዳው ላይ ሽበት የሚመስል ሻጋታ ወጥቷል። ይህን ያየ ሰው፣ ፊደል ቆጥሮም ሆነ ሳይቆጥር፣ ዘመን እዚህ እንዳለፈ ወዲያውኑ ይገባዋል።

ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ያስረዳል። የታሪክ ዋጋ ዕውቀትን ሲሰጠን የዕድሜ ዋጋ ስሜትን ይሰጠናል። የንጉሡን ስምና የነገሠበትን ዓመት በቃሉ የያዘ ተማሪ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ስሙን ያልሰሙት እናት ግን ሺህ ሰው ተሳልሞ ያለዘበውን የበር መቃን ሲነኩ እንባቸው ይመጣል። ጥበብ ደግሞ ከሁለተኛው ይነሣል። ገጣሚው የሚይዘው ከዓመተ ምሕረቱ ይልቅ ጎድጓዳውን ደረጃ ነው፤ ደረጃው ላይ የወጡትንና የወረዱትን እግሮች የሚቆጥርለት የለምና እሱ በቃሉ ይቆጥራቸዋል።

አካላችንም የራሱ ድርሻ አለው። ጆን ኦኪፍ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ሂፖካምፐስ በሚባለው የአይጥ አእምሮ ክፍል ውስጥ እንስሳዋ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳዩ፤ ለዚህና ለተከታዩ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በሰው ዘንድ ይኸው የአእምሮ ክፍል የሕይወት ገጠመኞችን ለማስታወስ ዋና ነው። ቦታና ትዝታ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ ማለት ነው። ሽታ ደግሞ ከሌሎቹ ስሜቶች ይልቅ ለዚያ ክፍልና ለስሜት ማዕከሉ ቅርብ በሆነ አቋራጭ ይገባል። ለዘመናት ዕጣን የጠጣ የአለት ግድግዳ መዓዛ በልጅነት የቆሙበትን ሌሊት፣ የያዙትን የእናት ነጠላ ጫፍ አንሥቶ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው ስሜቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ዓይኑ ይረጥባል።

ድንጋዩ ዜማውን ይቀርጻል

እስካሁን የተባለው ቦታው በተመልካቹ ላይ ስለሚያደርገው ነው። ቦታው በጥበቡ ላይ በቀጥታ የሚያደርገውም አለ፤ ከሁሉ በላይ በድምፅ በኩል። ጠንካራ ግድግዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ድምፅን አይውጡም፤ ይመልሱታል። የተመለሰው እንደገና ይመለሳል። በኢስታንቡል የሚገኘው ሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ እ.ኤ.አ. በ537 ተሠርቶ አልቋል። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በውስጡ ፊኛ አፈንድተው ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ቀርጸዋል፤ አንድ ድምፅ ፈጽሞ እስኪጠፋ ከ10 ሰከንድ በላይ ይቆያል። ያንን ልክ በኮምፒውተር ወስደው ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚዘምሩ መዘምራን በዚያ ቤት ውስጥ እንዳሉ ሆነው እንዲሰሙ አድርገዋል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ፈጣን ዘፈን ቢዘፈን ቃሉ ተደበላልቆ ይጠፋል። ቀስ ብሎ የሚሳብ፣ አንዱን ፊደል ይዞ የሚንከባለል ዜማ ግን ከራሱ የገደል ማሚቶ ጋር እየተዋሐደ ይገዝፋል። ዘማሪው ዜማውን ሲያወጣ ቤቱ አብሮት ያወጣል።

የሐጊያ ሶፊያ ዘመን በእኛ ዘንድ ቅዱስ ያሬድ ዜማን ጀመረ የሚባልበት 6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት እንደሚናገረው ያሬድ የመጀመሪያውን ዜማ፣ አርያም የሚባለውን፣ ያሰማው አክሱም ጽዮን ገብቶ እጁን ወደ ታቦተ ጽዮን ዘርግቶ ነው። ቃሉም አምላክ በመጀመሪያ የጽዮንን ሰማይ እንደመሠረተ፣ ሁለተኛም ለሙሴ የድንኳኗን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ እንዳሳየው ይናገራል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በትውፊታችን የዜማ መጀመሪያ ተብሎ የሚታወሰው ቃል የሚናገረው ስለ ቤት አሠራር ነው፤ የተዜመውም በቤቱ ውስጥ፣ ለቤቱ ነው። ቦታና ጥበብ ለእኛ ሰው ከመነሻው የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም።

ከዚያ በኋላም አልተለያዩም። የያሬድ የዜማ መጽሐፍ የሆነው ድጓ የሚመሰከረው ጋይንት ባለችው ቤተልሔም፣ የቁርባንና የሙታን ጸሎት ዜማ የሆነው ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ በመቋሚያና በከበሮ የሚዘመርበት አቋቋም ጎንደር በዓታ ነው። ቅኔውም ቢሆን ዋሸራ ቤት፣ ጎንጅ ቤት፣ ዋድላ ቤት እየተባለ ይለያል። የዋሸራን ተማሪ ከዋድላ ተማሪ የሚለየው የቅኔው መንገድ ነው፤ መንገዱ ግን በአገሩ ስም ይጠራል። ቆሎ ተማሪው ዳዊቱንና አኩፋዳውን ይዞ ከአገር አገር የሚሄደው መምህር ብቻ ፍለጋ አይደለም፤ ያ ትምህርት ከዚያ ቦታ እንዲገኝ ስለተፈለገ ነው።

በላሊበላ የገና በዓል ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ይታያል። በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው የአለቱ አፋፍ ላይ ካህናቱ በረድፍ ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከታች በግቢው ይሆናሉ። ቤዛ ኩሉ የሚለው ዝማሬ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ከበሮውና ጸናጽሉ ከአለቱ እየነጠረ ይመለሳል፤ መቋሚያው አብሮ ይወዛወዛል፤ ነጭ የለበሰው ምእመን አፋፉን ሞልቶ ያጨበጭባል። አለቱ ባይቆፈር ኖሮ ላይና ታች የሚባል ነገር ባልኖረ፣ ምሳሌውም ባልቆመ ነበር። ሜዳ ላይ ይህንኑ ቃል ማዜም ይቻላል፤ ሰማይና ምድር ሲነጋገሩ መስማት ግን የሚቻለው እዚያ ነው።

የፈረሰው ደግሞ ለምን ይጣፍጣል

ላሊበላ ሕያው ነው፤ ይቀደስበታል፣ ይጠመቅበታል። ጎንደር የሚገኘው የፋሲል ግቢ ግን ነዋሪዎቹ ካለቁ ቆይተዋል። አፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከቆረቆሩት በኋላ ተከታዮቻቸው እየጨመሩበት አደገ፤ ከዚያ ነገሥታቱ ደከሙ፣ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1866 በአፄ ቴዎድሮስ፣ በ1888 በደርቡሾች ተቃጠለች፤ በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉባት። ዛሬ ከአዳራሾቹ አንዳንዶቹ ጣሪያ የላቸውም። መስኮቱ አለ፤ ከመስኮቱ ወዲያ ግን ክፍል ሳይሆን ሰማይ ነው የሚታየው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1907 ስለዚህ ዓይነቱ ፍርስራሽ ሲጽፍ፣ ሰው ወደ ላይ ይገነባል፣ ተፈጥሮ ወደ ታች ትጎትታለች፤ ፍርስራሽ ሁለቱ ተፋልመው የታረቁበት ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ይህን ለማየት ከፋሲል መዋኛ የተሻለ ስፍራ የለም። በዙሪያው ካለው የግንብ አጥር ላይ የበቀሉ ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዩ ፊት ላይ አውርደው ይዘውታል። የጣት ውፍረት ያለው፣ የክንድ ውፍረት ያለው፣ የሰው ወገብ የሚያህል ሥር እየተጠላለፈ ከግንቡ እስከ መሬት ይወርዳል። ግንቡን ያፈረሰው ሥሩ ይሁን ደግፎ ያቆመው ለማለት ያስቸግራል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለጥምቀት፣ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተጠልፎ መዋኛው ይሞላል፤ ያን ጊዜ ወጣቶቹ ከነዚያው ሥሮች ላይ ተንጠላጥለው የውኃውን መባረክ ይጠባበቃሉ። ፍርስራሽ መስሎ የከረመው ቦታ በአንድ ሌሊት የከተማው እምብርት ይሆናል።

ፍርስራሽ የራሳችንንም ዘመን ያስመለክተናል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኡበር ሮበር እ.ኤ.አ. በ1796 የፓሪሱን የሉቭር ሙዚየም ታላቅ አዳራሽ ሲስል ጣሪያው ወድቆ፣ ሣር በቅሎበት አድርጎ ነው የሣለው። አዳራሹ ግን በዚያ ጊዜ ምንም አልሆነም ነበር። የሮምን ፍርስራሾች ሲስል የኖረ ሰው በመጨረሻ የገዛ ቤቱን በዚያው ዓይን አየው። ያረጀ ግንብ ፊት ቆሞ ይህ የማይመጣበት ሰው ጥቂት ነው፤ የእኛስ ምን ይቀር ይሆን?

በጎንደር ከቃጠሎው የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሌላ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ደርቡሾቹ ሊያቃጥሉት ሲመጡ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላል ሕዝቡ። ታሪኩ ራሱ የጥበብ ሥራ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ሲነዱ አንዱ መትረፉ ማብራሪያ ይፈልግ ነበርና ሰዎች ትረካ ሰጡት። ውስጡ ሲገባ ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሸፍኗል። በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ክብ ፊቶች፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ ከፊቱ ግራና ቀኝ የወጡ ክንፎች ናቸው። ቀረብ ብለው ሲያስተውሉት ገጽታቸው አንዱ ከአንዱ ጥቂት ይለያል፤ ሠዓሊው በአንድ ቅርጽ እየደገመ አልሄደም። ከታች የቆመ ሰው ያያል፤ ከላይም ይታያል። ብዙ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የነበራቸውን ሥዕል ዛሬ የምንገምተው ከዚህ አንድ ጣሪያ ተነሥተን ነው፤ የተረፈው ስለጠፉትም ይመሰክራል።

እንግዳውና ባለቤቱ

አሮጌ ቦታ ሁሉንም ሰው ባለቅኔ አያደርግም። አርተር ራምቦ በወጣትነቱ የፈረንሳይን ግጥም የለወጠ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ማብቂያ ሐረር ገባ፤ የጀጎል ግንብ፣ አምስቱ በሮች፣ መስጊዶቹ፣ ጠባብ መተላለፊያዎቹ ሁሉ ነበሩ። ግጥም ግን አልጻፈም። ገና 20 ዓመት ግድም ሳለ ግጥምን ትቶ ነበር፤ ከሐረር የላካቸው ደብዳቤዎች ስለ ቡና፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ድካሙ የሚናገሩ ናቸው። ቦታው ጠርቶት ይሆናል፤ ውስጡ ግን የሚመልስ ነገር አልነበረም።

በዚያው ከተማ የሐረሪ ሴቶች ያደረጉትን ደግሞ እንይ። የሐረሪ ቤት ሳሎን ውስጥ መደቦቹ በደረጃ ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ደንብ አለው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ያጌጠ ነው። እያንዳንዱ ስፌት የራሱ ስም፣ የራሱ ቦታና የራሱ አገልግሎት አለው፤ ልጅ ከእናቷ፣ እናት ከአያቷ የተማረችው ነው። ይህን ጥበብ የወለደው የተመልካች መደመም አይደለም። በአንድ ግንብ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ቤት ውስጥ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ መኖር ነው። እንግዳ ሰው አጠቃላይ ገጽታውን ይስላል፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱምን አይቶ ሐውልቱን እንደሣለው ማለት ነው፤ የሶልት ሥዕል ዛሬ ለታሪክ ትልቅ ማስረጃ ነው። ባለቤቱ ግን ቦታውን አይስለውም፤ በቦታው ላይ ይሰፋበታል፣ ይዘምርበታል፣ ይሰርግበታል። እኔ እንደማምነው ለረጅም ዘመን የሚዘልቀው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛ ሰውም አለ፤ ከቦታው የራቀው። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሳሉ በየዓመቱ በስግድ ቀን ተራራ እየወጡ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዱ ነበር፤ ከሰጋጆቹ አብዛኞቹ ያቺን ከተማ በዓይናቸው አላይዋትም። ዛሬ በእስራኤል በዓሉ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ ሲሆን፣ ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ውስጥ አሮጌውን ከተማ ቁልቁል ከሚያሳየው ከፍታ ላይ ይሰበሰባል፤ ቄሶቹም ጥላ ይዘው በግዕዝ ይጸልያሉ። የላሊበላ ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው ውኃ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታ አለ፤ የአዳም መቃብር አለ። ትውፊቱ ንጉሡ ለሕዝቡ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም ሊሠራ እንደተነሣ ይናገራል። አልቫሬዝን ያስማለው ሥራ ራሱ ሌላ አሮጌ ቦታን ከመናፈቅ የተወለደ ነው።

አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ይህን በራሷ መንገድ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ሞጋማ በሚል ስም ባቀረበቻቸው አራት ግዙፍ ሥዕሎች ላይ የካይሮ ታህሪርንና የአዲስ አበባ መስቀል አደባባይን ጨምሮ የተለያዩ አደባባዮች የሕንጻ ንድፎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበዋል። ከላያቸው ጭረትና ጥላ ወርዶባቸዋል፤ የትኛው መስመር የየትኛው አገር እንደሆነ ለመለየት ዓይን ይደክማል። በስደት የኖረ ሰው ትዝታ እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ ቦታዎቹ ተለያይተው አይመጡም።

ክፍተቱን ማን ይሙላው

ስሜቱ የሚመነጨው ከዕድሜ ምልክትና ከጎደለው ነገር ከሆነ ቅርስ ጠባቂዎች ከባድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ካልጠገኑት ይወድቃል፤ ከመጠን በላይ ከጠገኑት ደግሞ አሮጌነቱ ይጠፋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላሊበላ ላይ ውኃ እንዳይገባ ተብሎ የአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ሬንጅ ተቀባ፤ ከላዩም ቀይ ቀለም ተደረገበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራ ቡድን ያንን ልባስ አንሥቶ አለቱን መልሶ ገለጠው። ጎንደርም በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሚንቶ ገብቶባት ነበር። በኖራ የተሠራ ግንብ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲደፈንበት ውኃው ውስጡ ይቀራል፣ ድንጋዩም ይፈረፈራል። ሲሚንቶ መልክን ብቻ ሳይሆን አካሉንም ይጎዳል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ግድም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆሙት አራት ግዙፍ የላሊበላ መጠለያዎች ዝናቡን ከልክለዋል። ነገር ግን የብረት ምሰሶዎቻቸው የቦታውን ገጽታ ቀይረውታል፤ የአካባቢው ሰው ክብደታቸው አለቱን እንዳይጎዳ ይሰጋል። ካህናቱና ነዋሪው የሚሉት ከባለሙያው ስሌት እኩል ሊሰማ ይገባል እላለሁ፤ ቦታውን በየቀኑ የሚሰሙት እነሱ ናቸውና። በአዲስ አበባ ደግሞ ጥያቄው ከጥገና አልፏል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። መንገድ ማስፋት፣ ለሰው የተሻለ መኖሪያ መስጠት ተገቢ ነው፤ አንድ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ሲፈርስ ግን በእሱ ምክንያት ሊገጠም የነበረ ግጥም አብሮ እንደሚቀር በሒሳቡ ውስጥ የሚያስገባ ቢኖር እወድ ነበር። ቢያንስ ከመፍረሱ በፊት መለካት፣ ፎቶ ማንሣት፣ የነዋሪውን ቃል መቅዳት ያስፈልጋል። ወጪው ከማፍረሻው ማሽን የአንድ ቀን ኪራይ ብዙም አይበልጥም ብዬ አምናለሁ።

በሰሜን ወሎ ተራሮች ደግሞ ዛሬም ከአለት ቤተ ክርስቲያን የሚፈለፍሉ መነኮሳትና ባሕታውያን አሉ። መሣሪያቸው ዶማና መሮ ነው። እንደ ቀደሙት ከላይ ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ መስኮቱ፣ በመጨረሻ ወለሉ ይወጣል። የላስታን አብያተ ክርስቲያናት ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች እነዚህ ሰዎች ትልቅ ሀብት ሆነውላቸዋል፤ አንድ ክንድ አለት ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ፍርስራሹ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ብርሃን በሌለበት እንዴት እንደሚጠረብ ከእነሱ ጠይቆ መረዳት ይቻላል።